የከተማ ባቡር ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የከተማ ባቡር ሲታቀድ ስለ ዋሻው፣ ስለ ሐዲዱና ስለ ወጪው ብዙ ይባላል። ተሳፋሪውን የሚያስጨንቀው ግን በየት እንደሚገባ፣ የቱን ባቡር እንደሚይዝና የት እንደሚወርድ ነው። ጣቢያውን የሚሠሩት ሰዎች ከተማውን አብጠርጥረው ስለሚያውቁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣውን እንግዳ ይረሱታል። ከታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚህ ይመስለኛል።

ሁሉም ሰው ያነባል ብሎ ማሰብ

የሜክሲኮ ሲቲ ሜትሮ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት ማንበብ የማይችሉ ብዙ ነዋሪዎች ነበሩ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ጋር የራሱ ሥዕል ተሰጠው፤ ነዳፊው ላንስ ዋይማን ነበር። የቻፑልቴፔክ ምልክት ፌንጣ ነው። የፒኖ ስዋሬዝ ደግሞ ለባቡሩ ሲቆፈር ከመሬት ሥር የተገኘው የነፋስ አምላክ ክብ መቅደስ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ፌንጣውን አይተው ይወርዳሉ።

ቶኪዮ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሌላ መላ ዘየደች፤ ለመስመሩ ፊደል፣ ለጣቢያው ቁጥር ሰጠች። በጊንዛ መስመር ላይ ጊንዛ ጂ 09፣ ኡዌኖ ጂ 16 ነው። ከጊንዛ ወደ ኡዌኖ የሚሄድ ሰው የጃፓንን ጽሕፈት ባያውቅም ሰባተኛው ጣቢያ ላይ እንደሚወርድ ያውቃል። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደም በተቃራኒው አቅጣጫ መሳፈሩ ወዲያው ይገባዋል። አዲስ አበባ ከሁለቱም ከተሞች ብትማር ደስ ይለኛል፤ ወጪው ከሐዲዱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

አቅጣጫውን ለተሳፋሪው ግምት መተው

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሐዲድ ያስኬዳል። ሜክሲኮ አደባባይ ጣቢያ ላይ ቆሞ ወደ ጦር ኃይሎች መሄድ የፈለገ ሰው የመጣውን ባቡር ሁሉ ቢሳፈር፣ ከልደታ በኋላ ወደ አውቶቡስ ተራ ሊወሰድ ይችላል። ሐዲድ መጋራት በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ቦታም ገንዘብም ይቆጥባል። ሆኖም መዳረሻው በባቡሩ ግንባርና ጎን ላይ በጉልህ መጻፍ፣ በድምፅም መነገር አለበት፤ ያውም ባቡሩ ከመድረሱ በፊት።

ድምፅ ራሱ አቅጣጫ ሊጠቁም ይችላል። በሞስኮ ሜትሮ ባቡሩ ወደ መሃል ከተማ ሲሄድ ጣቢያዎቹን የሚያስታውቀው የወንድ ድምፅ ነው፤ ከመሃል ሲወጣ የሴት። ይህ ዓይነ ስውር ተሳፋሪን ምን ያህል እንደሚያግዘው መገመት አያዳግትም። በኒውዮርክ ግን አንዳንዱ መግቢያ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያገለግል ነው። ምልክቱን ሳያይ ከፍሎ የገባ ሰው ወጥቶ፣ መንገድ ተሻግሮ እንደገና ይከፍላል።

ስም ማብዛት

በዋሽንግተን ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው የዩ ስትሪት ጣቢያ ሙሉ ስሙ «ዩ ስትሪት፣ አፍሪካን አሜሪካን ሲቪል ዋር ሜሞሪያል፣ ካርዶዞ» ነው። ለታሪክ ክብር መስጠት ተገቢ ነው፤ ለሚጣደፍ መንገደኛ ግን ይረዝማል። በኋላ ተቀጥላዎቹ ከዋናው ስም ሥር በትንሽ ፊደል እንዲጻፉ ተደረገ፤ መፍትሔው ጥሩ ነው።

መውጫውን መርሳት

ትልቅ ጣቢያ ብዙ መውጫ አለው፣ በተሳሳተው መውጣትም ከሰፊ መንገድ ማዶ ያስቀራል። በሴኡል መውጫዎቹ ሁሉ ቁጥር ስላላቸው ሰው የሚቀጣጠረው በመውጫ ቁጥር ነው።

ሊፍትን እንደ ትርፍ ነገር ማየት

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፣ ምክንያቱም በኋላ ለማረም እጅግ ውድ ነው። የኒውዮርክ ጣቢያዎች ከ470 በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ሊገባባቸው አይችልም። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በተደረሰ ስምምነት መሠረት ከእነዚህ 95 በመቶዎቹ የሚስተካከሉት እስከ 2055 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ነው። በዋሽንግተን ሜትሮ ግን በሁሉም ጣቢያ ሊፍት አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ፎረስት ግሌን 60 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው ሕዝቡ ሁሉ የሚወጣውና የሚወርደው በሊፍት ነው። ሊፍት ሊበላሽ እንደሚችል ታውቆ ለአንድ ጣቢያ ከአንድ በላይ ይተከል። ብልሽት ሲኖርም ጋሪ የምትገፋ እናት ወይም በክራንች የሚሄድ ሰው ታች ደርሶ ሳይሆን፣ ገና ከመነሻው ሳይሳፈር ይነገረው።