ለድራም ቀረጻ ማይክሮፎን እንዴት ይመረጣል?

ድራም ለመቅረጽ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ «ለኪክ፣ በእግር ለሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ የትኛው ማይክሮፎን ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ገና ነው። ድራም ብዙ አካል ያለው አንድ መሣሪያ ነው። ስኔሩ (ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ከበሮ) ሲመታ ቶሙ (ሽቦ የሌለው ከበሮ) አብሮ ይርገበገባል፤ ሲምባሉ (የብረት ሳህኑ) ደግሞ የትም የተቀመጠ ማይክሮፎን ውስጥ ሳይጋበዝ ይገባል። ስለዚህ ምርጫው መሣሪያውን በሙሉ ከሚሰሙት፣ ከላይ ከሚንጠለጠሉት ማይክሮፎኖች ቢጀምር ይሻላል። የቀሩት ለእነሱ አጋዥ ናቸው።

ያልተቃኘ ድራምን የሚያቃና ማይክሮፎን እንደሌለም ከወዲሁ ይታወቅ። ቆዳው ካረጀ ገንዘቡ በቅድሚያ ለአዲስ ቆዳ ይዋል።

1. መግቢያዎቹን ይቁጠሩ

የኦዲዮ ኢንተርፌስዎ (ማይክሮፎንን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) በአንድ ጊዜ ስንት ማይክሮፎን ይቀበላል? ካርቶኑ ላይ «8 መግቢያ» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ የማይክሮፎን መሰኪያው 2 ወይም 4 ብቻ ሊሆን ስለሚችል መሰኪያዎቹን በዓይንዎ ይዩ። ሁለት ካለዎት አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ለኪክ ያድርጉ። አራት ካለዎት ሁለት ከላይ፣ አንድ ለኪክ፣ አንድ ለስኔር ይመድቡ፤ እንግሊዛዊው የድምፅ መሐንዲስ ግሊን ጆንስ ስሙ የተጠራበት አሠራር በእነዚህ ጥቂት ማይክሮፎኖች የተመሠረተ ነው። ከዚያ በላይ ካለዎት ቶሞቹ ይከተላሉ። ሃይሃት (በእግር የሚከፈቱና የሚዘጉት ጥንድ ሲምባሎች) በበኩሉ የራሱ ማይክሮፎን የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው።

2. ከላይ የሚሰቀሉትን ይምረጡ

እዚህ ቦታ የተለመደው ኮንደንሰር፣ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ስሜቱ የሰላ ማይክሮፎን ነው። የሲምባልን ጥቃቅን ድምፅና የዱላውን ፈጣን ምት ከዳይናሚክ (ኤሌክትሪክ ከማይፈልገው ጠንካራ ዓይነት) ይልቅ አጥርቶ ይይዛል። የሚሠራው 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይክሮፎኑ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ) ሲያገኝ ስለሆነ ኢንተርፌሱ ይህን መስጠቱን ያረጋግጡ። ክፍሉ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ግን ኮንደንሰሩ የክፍሉን ማስተጋባት ሁሉ ይለቅማል፤ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ጥሩ ዳይናሚክ ወደ ድራሙ ቀረብ አድርጎ መስቀል የበለጠ ያዋጣል። ሲምባሎቹ ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ሪበን፣ ድምፅን በስስ የብረት ጥብጣብ የሚይዘው ማይክሮፎን፣ ያለሰልሳቸዋል። ሪበን ግን ስስ ነው፤ ከኪኩ ቀዳዳ ከሚወጣው ነፋስ ያርቁት፣ አምራቹ ካልፈቀደም ፋንተም ፓወር አይስጡት።

ሁለቱ ማይክሮፎኖች አንድ ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል። ከዓይነታቸው በላይ የሚወስነው ግን ከስኔሩ ያላቸው ርቀት ነው። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ የሚጓዘው 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ማይክሮፎን ከሌላው 17 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ የስኔሩ ድምፅ ለእሱ በግማሽ ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ወደ ሞኖ (ወደ አንድ ድምፅ) ሲቀላቀሉ በ1,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ስኔሩም ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ሲባጎ ነው። አንዱን ጫፍ በስኔሩ መካከል ይዘው እስከ መጀመሪያው ማይክሮፎን ይለኩ፤ ከዚያ ሁለተኛውን በዚያው ልክ ያስቀምጡ።

3. ኪክ

ለዝቅተኛ ድምፅ የተሠራ ትልቅ ዳይናሚክ ያስፈልጋል፤ ኤኬጂ ዲ 112 እና ሹር ቤታ 52ኤ በሰፊው የታወቁ ናቸው። ተራ የዘፈን ማይክሮፎን ታችኛውን ድምፅ ስለሚያሳንስ በአብዛኛው የሚይዘው ቆዳውን የሚመታውን የመዶሻ ጠቅታ ነው። ማይክሮፎኑን ወደ ውስጥ አስገብተው ወደ መዶሻው ካዞሩት ጠቅታው ይጎላል፤ ቀዳዳው አፍ ላይ ካቆሙት ድምፁ ይወፍራል።

4. ስኔር

ከ1965 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለው ሹር ኤስኤም57 ዋጋው መጠነኛ፣ ጉልበቱ የማይናቅ ነው፤ ከፍተኛ ድምፅም ሆነ ድንገተኛ የዱላ ምት ይችላል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ማይክሮፎኑ የሚሰማው ብቻ ሳይሆን የማይሰማውም ነው። ካርዲዮይድ የሚባለው፣ በተለይ ከፊቱ የሚሰማው ዓይነት ከሁሉ ይበልጥ የሚደነቁረው በስተኋላው ስለሆነ ጀርባውን ለሃይሃቱ ይስጡት። ሱፐርካርዲዮይድ (የሚሰማበት ፊቱ ጠበብ ያለው ዓይነት) ግን በቀጥታ ከኋላው ጥቂት ይሰማል፤ የማይሰማበት ቦታ ያለው ከፊቱ 126 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ በኋላ ጎኖቹ ነው። ሃይሃቱን ልክ ከኋላው ካደረጉት ሱፐርካርዲዮይድን የመረጡበት ምክንያት ከንቱ ይሆናል።

5. ቶሞች

ሁሉም ቶሞች አንድ ዓይነት ማይክሮፎን ይያዙ፤ አለዚያ ተጫዋቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወርድ የድምፁ መልክ ይለዋወጣል። ዜንሃይዘር ኤምዲ 421 የብዙ ስቱዲዮዎች ምርጫ ቢሆንም ግዙፍ ነው፤ ሲምባሉ ዝቅ ብሎ ከተተከለ መግቢያ አያገኝም። በከበሮው ጠርዝ ላይ የሚቆነጠጡት ትንንሾቹ ቦታ ይቆጥባሉ።

6. ከመግዛትዎ በፊት ይሞክሩ

ቢቻል ተውሰው ወይም ተከራይተው አንድ አጭር ምት ይቅረጹ። መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ብቻ፣ በሞኖ ያዳምጡ። ከዚያ ኪኩን ጨምሩበትና ክብ ላይ ሰያፍ መስመር የተሣለበትን የፖላሪቲ መገልበጫ ቁልፍ (የድምፁን ሞገድ የሚገለብጠውን) አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ የታችኛው ድምፅ የሞላበትን አቀማመጥ ይያዙ። በስኔሩም እንዲሁ ያድርጉ። ለመግዛት ከወሰኑ ከበጀቱ ላይ ለመቆሚያዎች ያስተርፉ። ከላይ የሚሰቀሉት እግሩ ከባድ የሆነ መቆሚያ ይፈልጋሉ፤ ቀላሉ በቀረጻው መካከል ቀስ በቀስ እያዘመመ በሲባጎ የለኩትን ርቀት ያበላሽብዎታል።