ከጄምስ ዌብ የሕዋ ቴሌስኮፕ ምስሎች ሩቅ ጋላክሲ እንዴት ይለቀማል?

ሩቅ ጋላክሲን የሚያጋልጠው የሚጠፋበት ፊልተር (የተወሰነ የብርሃን ሞገድ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ነው። በጥንቱ ዩኒቨርስ የነበረው ሃይድሮጅን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.1216 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያጠረውን ብርሃን ይውጠዋል። ሕዋ ሲለጠጥ ይህ ድንበር አብሮ ይለጠጣል፤ ሬድሺፍቱ (የሞገዱ መለጠጥ መጠን፤ በትልቁ ቁጥር ጋላክሲው ይርቃል) 10 ከሆነ ጋላክሲ የሚደርሰን 1.34 ማይክሮን ላይ ነው። ጋላክሲው በኤፍ115ደብልዩ (1.15 ማይክሮን አካባቢ በሚያየው ፊልተር) ባዶ ሆኖ በኤፍ150ደብልዩ (1.5 ማይክሮን አካባቢ) ብቅ ይላል ማለት ነው።

ምስሉ በነጻ ይገኛል። ጄድስ የተባለው የጄምስ ዌብ ጥናት ቡድን ያዘጋጀውን፣ ጉድስ ደቡብ የተባለውን የሰማይ ክፍል የሚያሳይ ሞዛይክ (ከብዙ ምስሎች የተገጣጠመ አንድ ምስል) ማስት ከተባለው የቴሌስኮፕ መረጃ ማኅደር፣ ከኤፍ090ደብልዩ እስከ ኤፍ444ደብልዩ አውርዱ። ፋይሎቹ በጊጋባይት የሚቆጠሩ ናቸውና ኔትወርክ ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ያዙ።

ከዚያ የምስሎቹን የጥራት ደረጃ እኩል አድርጉ። አንድ ኮከብ በኤፍ150ደብልዩ 0.05 አርክሰከንድ (የዲግሪ 3600ኛ) ገደማ ስፋት ሲኖረው በኤፍ444ደብልዩ 0.145 ይደርሳል። እንዳለ ከለካችሁት ቀዩ ብርሃን ከመለኪያው ክብ ውጭ ይፈስና ቀለሙ ይዛባል። ሁሉንም በኤፍ444ደብልዩ ልክ አደብዝዙ። ፎቱቲልስ በተባለው የፓይተን ፕሮግራም ረጅሙን ሞገድ የሚያዩ ሦስቱን ቀይ ፊልተሮች ደምራችሁ ምንጮችን ፈልጉ፤ ብርሃናቸውን 0.3 አርክሰከንድ ዲያሜትር ባለው ክብ ለኩ። ፒክስሉ 0.03 አርክሰከንድ፣ አሃዱም ሜጋጃንስኪ በስቴራዲያን (በሰማይ ስፋት የሚለካ ብርሃን) ከሆነ በ21.15 ስታባዙት ናኖጃንስኪ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባዶውን ሲለካ ነው። ሞዛይኩ ሲሠራ ጎረቤት ፒክስሎች ስለሚደባለቁ አብሮ የሚመጣው የስህተት ካርታ ኖይዙን (የዘፈቀደ መዋዠቁን) አሳንሶ ያሳያል። በምንጩ ዙሪያ ባለው ባዶ ሰማይ ላይ 1000 ያህል ክቦች በትናችሁ የውጤታቸውን መበታተን ውሰዱ። በኤፍ115ደብልዩ 2 ናኖጃንስኪ አገኛችሁ እንበል። ወሰናችሁ (ጋላክሲው ካልታየ ብርሃኑ የማይበልጠው መጠን) የዚያ እጥፍ፣ 4 ነው። በኤፍ150ደብልዩ 5 ናኖጃንስኪ ያለው ምንጭ ታዲያ ልዩነቱ ቢያንስ 0.24 ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ) መሆኑን ብቻ ያሳያል፤ ይህ ምንም አያረጋግጥም። የተለመደውን የ1 ማግኒቲዩድ መስፈርት ለማለፍ 10 ናኖጃንስኪ ገደማ ያስፈልገዋል። በሁለት ቀይ ፊልተሮችም ከኖይዙ 5 እጥፍ መብለጥ አለበት።

ያለፉትን አንድ በአንድ በዓይን እዩ፤ የተበላሸ ፒክስልና የደማቅ ኮከብ ጨረር እዚህ ይለያሉ። ነጥብ የሚመስለው ብራውን ድዋርፍ (ኮከብ ለመሆን ያልበቃ ቀዝቃዛ አካል) ሊሆን ይችላል። ከድንበሩ በኋላ በየፊልተሩ እየቀላ የሚሄደውንም በአቧራ የተሸፈነ ቅርብ ጋላክሲ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ሲርስ-93316 የተባለው ጋላክሲ በፊልተር ብቻ ሬድሺፍቱ 16 ገደማ ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ስፔክትረሙ (ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ ተበትኖ) ሲወሰድ 4.9 ሆኖ ተገኘ። የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ደማቅ መስመሮች ከአቧራው ጋር ሆነው ቀዮቹን ፊልተሮች ሞልተዋቸው ነበር። ስለዚህ ኢዚን (ከፊልተሮቹ ብርሃን ሬድሺፍት የሚገምት ፕሮግራም) ስታስኬዱ ዝቅተኛውን ሬድሺፍት አትዝጉበት፤ በዕድል ግራፉ ላይ የሚወጣውን ሁለተኛ ጫፍም ተመልከቱ።

የመጨረሻው ቃል የስፔክትረም ነው፤ ኒርስፔክ የተባለው የጄምስ ዌብ ስፔክትረም መለኪያ ፕሪዝም ከ0.6 እስከ 5.3 ማይክሮን ይሸፍናል። እሱም ቢሆን ድንበሩ በሃይድሮጅን ስለሚለሰልስ ትንሽ ይስታል፦ ጄድስ-ጂኤስ-ዜድ14-0 የተባለው ጋላክሲ ሬድሺፍቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚህ መንገድ 14.32 ተብሎ፣ በቺሊ ያለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ አልማ የኦክስጅን መስመሩን ሲያገኝ 14.18 ሆነ።