240 የት ገባ? የሥራ ትውስታ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚያዝ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ ኪሎው 85 ብር የሆነ ሽንኩርት 3 ኪሎ ገዙ እንበል። ሒሳቡን በቃል የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያደርጋል፦ 80 በ3 ሲባዛ 240፤ ይህን ያዝ ያደርገዋል። 5 በ3፣ 15። ሲደመር 255። 300 ብር ከሰጠ መልሱ 45 ነው። ግን 240ን ይዘው 15ን ሊደምሩ ሲሉ ከኋላዎ አንዱ ጋሪ እየገፋ «ዞር በሉ!» ቢል፣ ወይም ነጋዴዋ «ነጭ ሽንኩርትስ አይጨምሩም?» ብላ ብትጠይቅ፣ 240 የት እንደገባ አይታወቅም። ሒሳቡ እንደገና ከ80 ይጀመራል።

ያ 240 ለጥቂት ሰከንድ የተቀመጠበትን ቦታ ሳይኮሎጂስቶች ወርኪንግ ሜሞሪ ይሉታል፤ እኛ የሥራ ትውስታ እንበለው። ሥራው መያዝ ብቻ ሳይሆን እየያዙ መሥራት ነው። የልጅነት ሰፈርዎን፣ የዘመድ ስምና የማባዛት ሠንጠረዥን የሚያከማቸው ግን የረጅም ጊዜ ትውስታ ነው፤ እሱ ሞላ ተብሎ አያውቅም። የሥራ ትውስታ በተቃራኒው ጠባብ ነው። የፕሮፌሰሩም የሊስትሮውም ጠባብ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው መንገድ ቦታውን ለማስፋት አይደለም፤ ልኩን አውቆ በዚያው ቦታ ብዙ ለመሥራት ነው።

1. መጀመሪያ ልኩን ይለኩ

ከቤተሰብ አንድ ሰው ቁጥር ያንብብልዎ። በየሰከንዱ አንድ ቁጥር፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳያደርግ። በ4 ይጀምሩ፦ 7፣ 2፣ 9፣ 4። በቅደም ተከተሉ ከደገሙ 5 ቁጥር፣ ከዚያ 6 እያሉ ይጨምሩ። አብዛኛው ጎልማሳ 6 ወይም 7 አካባቢ ሲደርስ መሳት ይጀምራል። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ «ሰባት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ ሁለት» ያለው ይህን ልክ ነበር። በኋላ ሌላው ሳይኮሎጂስት ኔልሰን ካዋን እ.ኤ.አ. በ2001 ማስረጃውን ሰብስቦ ሲመረምር ግን፣ ሰውየው በልቡ እንዳይደግምና ቁጥሮቹን እንዳይቧድን ከተደረገ የሚቀረው 4 ገደማ ብቻ ነው አለ። ሰባቱ ውስጥ ብልሃት አለበት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ያንኑ ከኋላ ወደ ፊት ይመልሱ። 7፣ 2፣ 9፣ 4 ሲባሉ 4፣ 9፣ 2፣ 7 ይበሉ። ውጤትዎ ዝቅ ይላል፤ አይደንግጡ፣ የሁሉም ሰው ዝቅ ይላል። ወደ ፊት ሲደግሙ መያዝ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሆን ግን ይዘው እያገላበጡ ነው። የሥራ ትውስታ በትክክል ሥራ ላይ የሚታየው በዚህኛው ነው።

2. ምን ያህል ቶሎ እንደሚጠፋ ይዩ

ሦስት ፊደል ይያዙ፦ መ፣ ጡ፣ ሬ። ወዲያው ከ571 ጀምረው ሦስት ሦስት እየቀነሱ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ 571፣ 568፣ 565... እያሉ 18 ሰከንድ ያህል ይቀጥሉ። ከዚያ ፊደሎቹን ይጠየቁ። በአንድ ሙከራ ላያስቸግር ይችላል፤ ፊደሎቹን እየቀያየሩ ደጋግመው ሲሞክሩት ግን ይጠፋል። ሎይድና ማርጋሬት ፒተርሰን የተባሉ ባልና ሚስት ይህን እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝኛ ፊደላት ሲሠሩት፣ ከ18 ሰከንድ በኋላ ተማሪዎቻቸው ሦስቱን ፊደል ማስታወስ የቻሉት ከስንት አንዴ ነበር። ሦስት ፊደል ብቻ!

ፊደሎቹን የሚያጠፋቸው ጊዜው ብቻውን አይደለም። ቆጠራው ፊደሎቹን በልብ መድገምን ከለከለ፤ የቀደሙት ሙከራዎች ፊደላትም እየመጡ ይደባለቃሉ። ሳይደገም ወይም ሳይታሰብ የቆየ ነገር እዚያ ቦታ አይከርምም። ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ለዚህ ሥራ ዋነኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ ጥናት፣ ጦጣዎች አንድ ነገር አይተው ለጥቂት ጊዜ በልባቸው ይዘው ሲጠብቁ፣ እዚያ ያሉ የነርቭ ሴሎች በጥበቃው ጊዜ ሁሉ ሳያቋርጡ ሲሠሩ አሳይቷል።

3. የትኛው ክፍል እንደተጨናነቀ ይለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ጭንቅላቴ ሞላ» ይላል እንጂ የቱ እንደሞላ አይጠይቅም። የብሪታንያ ሳይኮሎጂስቶች አለን ባድሊና ግራሃም ሂች እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት ሐሳብ የሥራ ትውስታ አንድ ወጥ ቦታ አይደለም የሚል ነበር። የድምፅ ክፍል አለው፤ የምስልና የአቅጣጫ ክፍል አለው፤ ሁለቱን የሚያዝዝ፣ ትኩረትን ወዲህና ወዲያ የሚመድብ አዛዥ አለው። ባድሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ድምፁን፣ ምስሉንና ከረጅም ጊዜ ትውስታ የሚመጣውን የሚያገናኝ አራተኛ ክፍል ጨመረበት።

የድምፁን ክፍል በፊደላችን መፈተን ይቻላል። አንድ ሰው እነዚህን አንብቦልዎ ይድገሟቸው፦ በ፣ ደ፣ ገ፣ ቀ፣ ከ፣ ተ። ቀጥሎ እነዚህን፦ ቡ፣ ሊ፣ ጋ፣ ሼ፣ ሞ፣ ር። የመጀመሪያዎቹ ሁሉም ግዕዝ ስለሆኑ ድምፃቸው ይመሳሰላል፤ «ደ»ን ከ«ገ» ጋር ማምታታት የሚመጣው እዚያ ነው። ፊደላቱን በዓይን ብቻ ቢያዩአቸውም ስህተቱ የድምፅ ስህተት ይሆናል፤ ተመራማሪው አር ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን አሳይቷል። የቃል ርዝመትም ዋጋ ያስከፍላል። «በር፣ ቤት፣ ጤፍ፣ ልጅ፣ ወጥ፣ ጨው» ከሚለው ይልቅ «ማስታወቂያ፣ መተላለፊያ፣ ማመሳከሪያ፣ አስተናጋጅ፣ መንገደኛ፣ አከፋፋይ» ይከብዳል። የድምፁ ክፍል የሚይዘው በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተብሎ የሚያልቀውን ያህል ነውና።

ይህን ያወቀ ሰው በሰላምታ ላይ ይጠነቀቃል። ስልክ ቁጥር በልብዎ እየደገሙ ከፒያሳ ወደ ቤት ሲሄዱ አንድ የሰፈር ሽማግሌ አገኙ። «እንዴት ዋሉ? ደህና ዋሉ? ልጆች ደህና ናቸው? እናትዎስ? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ነው?» የኛ ሰላምታ ሳይጨርሱት አይታለፍም፤ ማቋረጥም ነውር ነው። እስኪያልቅ ግን ቁጥሩ የለም፤ አፍና ጆሮ ያው የድምፁ ክፍል ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ ቁጥሩን እየደገሙ የዐፄ ፋሲልን ቤተ መንግሥት በዓይነ ሕሊናዎ ቢያዩ፣ አራቱን የማዕዘን ማማዎች አንድ በአንድ ቢዞሯቸው፣ ቁጥሩ ብዙም አይነካም። ምስሉ የሚቀመጠው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው።

እንግዲህ አሠራሩ ይህ ነው፦ የሚይዙት ነገር ድምፅ ከሆነ በዚያ ሰዓት ከወሬ ይራቁ፤ ከኋላ የተከፈተ ሬዲዮ እንኳ፣ ልብ ብለው ባያዳምጡትም፣ ይሻማል። የሚይዙት መንገድ ወይም ቅርጽ ከሆነ ሌላ የሚታይ ሥራ አይደርቡበት። ለእንግዳ ከፒያሳ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መንገድ ሲያሳዩ በቃል ብቻ ስድስት መታጠፊያ ከመዘርዘር በእጅ መሬት ላይ መጫር ይሻላል።

4. ይቧድኑ

በኔ ግምት ከሁሉም እርምጃ የሚበልጠው ይህ ነው። የሥራ ትውስታ የሚቆጥረው ቁራጩን ሳይሆን እስሩን፣ ማለትም በአንድ ላይ የታሰረውን ቡድን ነው። የሞባይል ቁጥራችን 10 አሃዝ ነው፤ ከልክ በላይ ነው። ግን «ዜሮ ዘጠኝ» ወይም «ዜሮ ሰባት» የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቀው ቦታ አይወስድም፤ የቀረውን 8 «ሠላሳ አራት፣ አሥራ ሁለት...» እያልን በጥንድ ስንል 4 እስር ይሆናል። ካዋን ካለው ልክ ጋር ገጠመ። ሲነግሩን በጥንድ፣ ስንደግመው በሦስት በሦስት የሆነ እንደሆነ ሁለታችንም እንጠፋለን፤ ቁጥር ሲቀበሉ ሰውየው በቧደነበት መንገድ ይድገሙለት። ከባንክ የሚላከውን 6 አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥርም ሦስት ሦስት አድርገው ይያዙት።

እስሩ የሚበረታው ግን አስቀድሞ ከሚያውቁት ነገር ጋር ሲታሰር ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ተማሪ ከ200 ሰዓት በላይ ልምምድ በኋላ ወደ 80 የሚጠጉ ቁጥሮችን አንድ ጊዜ ሰምቶ መድገም ቻለ፤ ሲጀምር እንደማንኛውም ሰው 7 ነበር። ልጁ ሯጭ ነበር። 3492 ሲባል «3 ደቂቃ ከ49.2 ሰከንድ፣ ለማይል ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን አካባቢ» እያለ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው የዚህ ጥናት አስገራሚ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው፦ በቁጥር ፋንታ ፊደል ሲሰጠው ወደ 6 ወረደ። ቦታው አልሰፋም፤ ዕውቀቱ ነው ያሰረው። የማስታወስ ችሎታ እናሳድጋለን የሚሉ የስልክ ጨዋታዎችም ያው ናቸው፤ ሰው የሚጎብዘው በጨዋታው ነው፣ ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ የሚሻገረው እምብዛም ነው። ገንዘብ አልከፍልበትም።

የቅኔ ተማሪዎች ይህን ካወቁት ቆይተዋል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ መጀመሪያ አይነካም። ቅኔ ሲቆጥር ግሱን መፈለግ፣ ሰሙን ከወርቁ ማጋጠም፣ ቤቱን መምታትና ዜማውን መጠበቅ አለበት፤ ወረቀት በሌለበት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያዝ ነው። ግሱንና ዜማውን በቃሉ ካደረገ በኋላ ግን ያን ያህል ቦታ አይወስዱበትም፤ የቀረችውን ቦታ ለምሥጢሩ ያውላታል። ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ የሚያልፈው ያኔ ነው።

ለገበያም ይሠራል። በርበሬ፣ ዘይት፣ ኮረሪማ፣ ሳሙና፣ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በረኪና፣ ጨው ብሎ ስምንት ነገር ከመያዝ፦ ለወጥ የሚሆኑት (ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው)፣ ከበርበሬ ጋር የሚሄዱት (በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ)፣ ለልብስ አጠባ (ሳሙና፣ በረኪና)። የያዙት ሦስት ነገር ሆነ።

5. የማይያዘውን ያውርዱ

ወረቀት ላይ መጻፍ ስንፍና አይደለም። ከሦስት አራት በላይ ያልተያያዘ ነገር ከሆነ ይጻፉ፤ ሒሳቡ ከሁለት እርምጃ ካለፈ መካከለኛውን ውጤት ይጻፉ። ያንን 240 በመዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ያስቀመጠ ሰው ጋሪም ቢመጣ ግድ የለውም። ከመተኛትዎ በፊት የነገ ሥራ የሚዞርብዎት ከሆነም እንዲሁ።

ጭንቀት ለብቻው መታየት አለበት። ፈተና ላይ «ብወድቅስ» የሚለው ሐሳብ ራሱ በድምፁ ክፍል ውስጥ የሚደገም ቃል ነው፤ አዛዡንም ይይዘዋል፤ ለጥያቄው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ያጠናውን ተማሪ በፈተና ሰዓት ባዶ የሚያደርገው በአብዛኛው ይህ ነው፤ የተማረው አልጠፋም፣ መሥሪያ ቦታው ተይዞበት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰውም ተመሳሳይ ነው። ከሌሊት ጉዞ በኋላ አዘዞ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ የሒሳብ መልስ ከመቁጠር እንቅልፉን ቢያስቀድም ይሻለዋል።

6. ለልጆች ሲሆን

የሥራ ትውስታ እስከ ጉርምስና ያድጋል፤ ትንሽ ልጅ የአዋቂ ያህል አይዝም። «ቦርሳህን አስቀምጥ፣ ዩኒፎርምህን ቀይር፣ እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ ከእማማ ቤት ወንፊቱን ተቀብለህ ና» የተባለ የ6 ዓመት ልጅ እጁን ታጥቦ በሩ ላይ ቆሞ ቢገኝ እልኸኛ ወይም ደንታ ቢስ ሆኖ ላይሆን ይችላል። የመጨረሻው ትእዛዝ ጠፍቶበት ነው። ክፍል ውስጥም «አይሰማም» የሚባሉት አንዳንድ ልጆች እየሰሙ የሚጠፋባቸው ናቸው።

አንድ ትእዛዝ ይስጡት፤ ሲጨርስ ሁለተኛውን። ሁለት መስጠት ግድ ከሆነ ከመሄዱ በፊት በራሱ አፍ ያስደግሙት፤ ወንፊቱ ብቻ ከተረሳ ደግሞ ሙሉውን ከመጀመሪያው ሳይደግሙበት «ወንፊት» ይበሉት።