ምራቅ መዝኖ ሾግረንን መፈተሽ፦ ከዝግጅት እስከ ስሌት

ደረቅ ምግብ ያለ ውሃ አልወርድ ሲል፣ ዓይንም አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁርና ነገሩ ከሦስት ወር በላይ ሲዘልቅ ሾግረን ሲንድረም መጠርጠር አለበት። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን የምራቅና የእንባ ዕጢዎች የሚያጠቃበት፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን እጅግ አብዝቶ የሚይዝ በሽታ ነው። የምራቅ ፍሰት ልኬት መርፌም ምላጭም አይጠይቅም። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ክዳን ያለው ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ትንሽ ማንቆርቆሪያ (ቱቦው አፍ ላይ የሚቀመጥ ፈነል) እና ሰዓት ይበቃሉ። ቁጥሩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑ ሳይሆን ታካሚዋ ከመምጣቷ በፊት ያሉት ሰዓታት ናቸው።

ቀጠሮውን ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ያድርጉት። የምራቅ መጠን እንደ ቀኑ ሰዓት ከፍና ዝቅ ስለሚል ድጋሚ ልኬት ካስፈለገ በዚያው ሰዓት ይደገም። ከምርመራው በፊት ለ90 ደቂቃ ምግብ፣ መጠጥ፣ ማስቲካ፣ ሲጋራና ጥርስ መቦረሽ የለም። ይህ ሲባል ግን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ትምጣ ማለት አይደለም። ውሃ ያነሰው ሰውነት ጤነኛ ዕጢ እያለውም ትንሽ ምራቅ ነው የሚያመነጨው። ስለዚህ ከውሃም ጭምር የምትጾም ከሆነ ቀጠሮው ከጾሙ ውጭ ቢሆን ይሻላል።

መድኃኒት ትልቁ ወጥመድ ነው። አሚትሪፕቲሊን፣ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ለፊኛ የሚታዘዘው ኦክሲቡቲኒን፣ ሽንት የሚያበዙ እንክብሎችም አፍ ያደርቃሉ። ምራቅ የሚያደርቁት ለበቂ ጊዜ ከቆሙ በኋላ መለካት ይገባል፤ ማቆም የሚቻል መሆኑን የሚወስነው ግን ያዘዘው ሐኪም ነው። ካልተቻለ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ቅጹ ላይ ይጻፉ። ጫትም አፍ ስለሚያደርቅ ሳያፍሩ ይጠይቁ።

ባዶውን ቱቦ ከነክዳኑ መዝነው ክብደቱን ይጻፉ። ታካሚዋ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ቡና ከማይቆላበት ራቅ ብላ (ሽታው ብቻ ምራቅ ሊያመጣ ይችላል) ለ5 ደቂቃ ትረፍ። ከዚያ ቀጥ ብላ ትቀመጥ፤ ጭንቅላቷን ትንሽ ወደፊት ዘንበል ታድርግ፤ ዓይኗ ክፍት ይሁን። እንዲህ ይበሏት፦ «አፍዎ ውስጥ ያለውን ምራቅ አሁን ይዋጡ። ከዚህ በኋላ አይዋጡ፤ ምላስዎንና ከንፈርዎን አያንቀሳቅሱ፤ አያውሩ።» ምራቋን ለመጨረሻ ጊዜ ከዋጠችበት ጀምሮ ሰዓት ይያዙ። ምራቁ በታችኛው ከንፈር በኩል በራሱ ወደ ማንቆርቆሪያው እንደ ለሃጭ ይንጠባጠብ። በመጨረሻው ደቂቃ የቀረውን ትተፋለች። 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ 5 ደቂቃም ይሠራል፣ ነገር ግን አፉ በጣም ደረቅ ከሆነ ማንቆርቆሪያው ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ጠብታ ብቻውን ውጤቱን ያዛባል።

በቱቦው መስመር አይለኩ። አረፋው ያሳስታል። 1 ግራም ምራቅ 1 ሚሊሊትር ያህል ስለሆነ ሚዛን ይበልጣል። ባዶው 13.20፣ ከምራቁ ጋር 14.25 ግራም ቢሆን ልዩነቱ 1.05 ነው፤ ለ15 ሲካፈል በደቂቃ 0.07 ሚሊሊትር ይሆናል። የጤነኛ ሰው አማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 አካባቢ ነው። መለያው 0.1 ወይም ከዚያ በታች መሆኑ ነው። ሎሚ ልሳ ወይም ማስቲካ አኝካ የተሰበሰበ ምራቅ በዚህ መለያ አይዳኝም፤ የተነቃቃ ፍሰት የራሱ ወሰን አለው።

አሁን ቁጥሩ ምን ይመዝናል? በ2016ቱ የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት መስፈርት ዝቅተኛ ፍሰት 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ ሾግረን ተብሎ ለመመደብ ድምሩ 4 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በደም ውስጥ የሚገኝ ፀረ-ሮ (የራስን ሰውነት የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል) 3፣ የከንፈር ዕጢ ባዮፕሲ (ከከንፈር ውስጥ ተቆርጦ የሚመረመር ናሙና) በ4 ካሬ ሚሊሜትር ቢያንስ አንድ የሊምፎሳይት (ነጭ የደም ሴል) ክምችት ካሳየ 3፣ እንባ የሚለካው የሺርመር ወረቀት በ5 ደቂቃ 5 ሚሊሜትር ወይም ያነሰ ከረጠበ 1፣ ዓይን ላይ ቀለም ጨምሮ ጉዳትን የሚያሳየው ምርመራም በቂ ጉዳት ካሳየ 1 ይሰጣሉ። አንገትና ራስ ላይ ጨረር የወሰደች፣ ንቁ ሄፓታይተስ ሲ፣ ኤድስ ወይም ሳርኮይዶሲስ ያለባት ታካሚ በዚህ መስፈርት አትመደብም።

ፍሰቱ 0.25 ሆኖ ሲገኝ ፋይሉን ዘግቶ መሸኘት የተለመደ ስህተት ነው። በሽታው ሲጀምር ዕጢው ገና ሊሠራ ይችላል፤ ምልክቱ ካለ የፀረ-ሮ ደም ምርመራው ይታዘዝ፣ እሱም ነጻ ከሆነ ወደ ከንፈር ባዮፕሲ ይላክ።