በቀለም የሚሠራ የፀሐይ ሴል ሲደክም፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

በዚህ ሴል ውስጥ ቀለሙ ብርሃን ይዞ ኤሌክትሮን ለንጣፉ ይሰጣል፤ ኤሌክትሮላይት የተባለው ፈሳሽ ደግሞ ቀለሙ ያጣውን ኤሌክትሮን ከማዶ ካለው የፕላቲነም ኤሌክትሮድ ያመጣለታል። ሴሉ የሚጠበቅበትን ኃይል ሳይሰጥ ሲቀር መጀመሪያ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው። ሌላ ቀለም ይታዘዛል፣ ይነከራል፣ ይለካል፤ ውጤቱ ግን ያው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቀለሙን በተሸከመው የናኖ ቅንጣት ንጣፍ ላይ ነው። ብራያን ኦሬጋንና ሚካኤል ግሬትዝል በ1991 እ.ኤ.አ. 7 በመቶ ገደማ ብቃት ያለው ሴል ሲያሳዩ ትልቁ ለውጥ ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች የተሠራው ቀዳዳማ ንጣፍ ነበር። ለስላሳ ወለል ላይ የተጣበቀ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን 1 በመቶ እንኳ አይዝም። 20 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ካላቸው ቅንጣቶች የተሠራ የ10 ማይክሮሜትር ንጣፍ ግን እንደ ስፖንጅ ውስጡም ወለል ነው፤ ቀለም የሚጣበቅበት ቦታ ከላይ ከሚታየው ስፋት 1000 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ፍለጋው ከዚህ ቢጀመር ጊዜም ገንዘብም ይተርፋል።

መጀመሪያ ልኬቱን አረጋግጡ

በካሬ ሴንቲሜትር 100 ሚሊዋት ብርሃን ስር የከረንትና የቮልቴጅ መስመሩን ውሰዱ፤ ከዚያ መብራቱን ሸፍናችሁ በጨለማ ድገሙት። ሴሉን በጥቁር ጭንብል ሳትሸፍኑ አትለኩ፤ በመስታወቱ ጎን የሚገባው ብርሃን ከረንቱን ያለ አግባብ ያሳብጠዋል። ኤን719 በተባለው የሩቴኒየም ቀለምና በአዮዳይድ ኤሌክትሮላይት በደንብ የተሠራ ሴል ከ0.7 እስከ 0.8 ቮልት፣ በካሬ ሴንቲሜትር 15 ሚሊአምፔርና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም 0.7 አካባቢ ፊል ፋክተር (ከፍተኛው ኃይል ከሙሉው ከረንትና ከሙሉው ቮልቴጅ ብዜት ያለው ድርሻ) ይሰጣል። ከሦስቱ የትኛው እንደወረደ ሳታውቁ ምንም ነገር አትቀይሩ።

ከረንቱ ዝቅ ብሎ ቮልቴጁ ደህና ከሆነ

ንጣፉን በዓይን ተመልከቱ። በኤን719 ተነክሮ ጥቁር ቀይ ካልሆነ፣ ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ፣ ቀለሙ አልገባም ማለት ነው። መንስኤዎቹ ብዙ ናቸው። ንጣፉ ቀጥኖ ሊሆን ይችላል፤ ውፍረቱን ሳይለኩ መገመት አይበቃም። ፔስቱን፣ ማለትም ንጣፉ የሚሠራበትን የቅንጣት ቅባት፣ ያያያዘው ኤቲል ሴሉሎስ በደንብ ሳይቃጠል ቀርቶ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ከምድጃ የወጣ ንጣፍ ቡናማ ጥላ ካለበት ይህ ነው፣ አየር በደንብ በሚገባበት ምድጃ እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ መልሳችሁ አሙቁት። በተቃራኒው ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተዋህደው ያድጋሉ፣ የውስጥ ወለሉም ይቀንሳል፤ ይህ ከሆነ በኋላ ማስተካከያ የለውም፣ አዲስ ንጣፍ መሥራት ነው።

በብዛት የሚዘነጋው ግን እርጥበት ነው። ከምድጃ ወጥቶ አየር ላይ የቆየ ንጣፍ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃ ይሰበስባል፤ ውሃውም ቀለሙ የሚጣበቅበትን ቦታ ይይዛል። ንጣፉ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ እያለ፣ ገና ሙቅ ሆኖ፣ ቀለሙ ውስጥ ይግባ። የቆየ ንጣፍ ከሆነ መልሳችሁ አሙቁት። ምን ያህል ቀለም እንደገባ በቁጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ የተነከረውን ንጣፍ በቀጭን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ አጥባችሁ የፈሳሹን የብርሃን መምጠጥ ለኩ። ይህን ልኬት ለመሥራት የሚወጣው ጊዜ ከማንኛውም ግምት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ንጣፉ ጠቁሮ ከረንቱ ከወረደ ነገሩ ሌላ ነው። ቀለሙ ገብቷል፣ ኤሌክትሮኑ ግን አልወጣም። ቀለሙ ብረት የሌለበት የካርበን ውህድ፣ ፖርፊሪን ወይም ፍታሎሳያኒን ከሆነ ሞለኪውሎቹ ተደራርበው ተጣብቀው ሊሆን ይችላል፤ የተደራረበ ቀለም ብርሃን ይይዛል፣ ኤሌክትሮኑን ግን ለንጣፉ አያስተላልፍም። በሞለኪውሎቹ መካከል ገብቶ የሚያለያያቸውን ኬኖዲኦክሲኮሊክ አሲድ ከቀለሙ ጋር መጨመርና የመንከሪያውን ጊዜ ማሳጠር ይረዳል። ንጣፉ የዚንክ ኦክሳይድ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፦ አሲድ ያለበት ቀለም ዚንኩን እያሟሟ ከራሱ ጋር የተሳሰረ ዝቃጭ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያከማቻል። ለታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚስማማው የሌሊት ሙሉ መንከር ለዚንክ ኦክሳይድ ጥፋት ነው።

ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በደንብ ካልተያያዙም ኤሌክትሮኑ መንገድ ያጣል። ንጣፉን በ40 ሚሊሞላር የታይታኒየም ቴትራክሎራይድ ውህድ ውስጥ በ70 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆይቶ፣ አጥቦ፣ እንደገና ማሞቅ ቅንጣቶቹ የሚገናኙበትን አንገት ያወፍራል። ውህዱን ስታዘጋጁ በበረዶ አቀዝቅዙት፤ ቴትራክሎራይዱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይሞቃል፣ የአሲድ ጢስም ያወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከረንቱ ሲወርድ ቅንጣቱን ትቶ ወደ ናኖ ቱቦ ወይም ናኖ ሽቦ መዞር የተለመደ ነው። ቱቦው ለኤሌክትሮኑ ቀጥተኛ መንገድ ይሰጣል፣ እውነት ነው፤ የውስጥ ወለሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቅንጣቱ ያንሳል። ቀለም ባለመግባቱ የደከመን ሴል ቱቦ አያድነውም። ይልቅ ከላይ 400 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ትልልቅ ቅንጣቶች ብታነጥፉ ያመለጠውን ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልሱታል።

ንጣፉ ከተሰነጠቀ ወይም ከተላጠ

በአንድ ጊዜ ብዙ ፔስት ተቀብቷል፣ ወይም በፍጥነት ሞቋል። በስስ በስሱ ቀቡ፤ በየመካከሉ 125 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አድርቁ፤ መጨረሻም ሙቀቱን በ325፣ በ375፣ በ450ና በ500 ዲግሪ እያረፋችሁ በደረጃ ከፍ አድርጉ። ከመስታወቱ የሚላጥ ከሆነ መስታወቱ ቅባት አለበት።

ቮልቴጁ ከወረደ

ወደ ንጣፉ የገባው ኤሌክትሮን ወደ ውጪ ሳይደርስ ወደ ኤሌክትሮላይቱ እየተመለሰ ነው። የጨለማውን መስመር እዩ፦ ከረንቱ ገና በዝቅተኛ ቮልቴጅ መነሳት ከጀመረ መፍሰሻ አለ። ዋናው መፍሰሻ በቅንጣቶቹ መካከል የተጋለጠው የመስታወቱ አስተላላፊ ሽፋን ነው። ቅንጣቶቹን ከመቀባታችሁ በፊት መስታወቱን በዚያው በቴትራክሎራይድ ውህድ ብታክሙት ቀጭን ከልካይ ሽፋን ይሠራል።

ሁለተኛው ምክንያት ያለው ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ነው። የሊቲየም አዮን የንጣፉን የኃይል ደረጃ ዝቅ ያደርጋል፤ ከረንት ይጨምራል፣ ቮልቴጅ ይቀንሳል። ቴርት ቡቲል ፒሪዲን የተባለው ተጨማሪ ውህድ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ 0.5 ሞላር ገደማ መጨመር የተለመደ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አትቀያይሩ፣ የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅምና።

ፊል ፋክተሩ ከወረደ

የመስመሩን ቅርጽ አንብቡ። ከረንቱ ከዜሮ ቮልት ጀምሮ እያዘቀዘቀ ከሄደ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል፤ መለያያውን ፕላስቲክ መርምሩ። መጨረሻው ላይ፣ ከረንቱ ዜሮ ሊሆን ሲል፣ ተዳፋቱ ከላላ ግን ጥፋቱ የመንገድ መቋቋም ነው። አስተላላፊ ሽፋኑ የኢንዲየም ቆርቆሮ ኦክሳይድ የሆነ መስታወት ተጠቅማችሁ ከሆነ መልሱ ተገኝቷል፦ እሱ በ450 ዲግሪ ሲሞቅ ማስተላለፉ ይደክማል፤ ፍሎሪን የተጨመረበት የቆርቆሮ ኦክሳይድ ግን ይችለዋል። በተጨማሪ የፕላቲነም ኤሌክትሮዱን መልሳችሁ 400 ዲግሪ ላይ አሙቁት፤ አየር ላይ የቆየ ፕላቲነም ቆሻሻ ይሰበስባልና።

መብራቱ እንደበራ ከረንቱ ከፍ ብሎ በሰከንዶች ውስጥ ዝቅ ካለ፣ በደካማ ብርሃን ደግሞ ካልወረደ፣ ኤሌክትሮላይቱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ በበቂ ፍጥነት አይመላለስም። በአዮዳይድ ፈንታ ትልልቆቹን የኮባልት ውህዶች በያዘ ኤሌክትሮላይት ይህ በብዛት ይታያል፤ ንጣፉን ማሳሳት፣ ቀዳዳውን ማስፋትና በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ማጥበብ ይበጃል። የኢምፒዳንስ መለኪያ (በተለያየ ፍሪኩዌንሲ የሴሉን መቋቋም የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ጥርጣሬው ቶሎ ይፈታል፦ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለው ግማሽ ክብ የፕላቲነሙን፣ መካከለኛው የንጣፉን፣ ዝቅተኛው የኤሌክትሮላይቱን እንቅስቃሴ ይናገራል።

በቀናት ውስጥ ከሞተ

አረፋ ከታየ ኤሌክትሮላይቱ እየተነነ ነው። አሴቶኒትራይል በ82 ዲግሪ ይፈላል፤ ለምርጥ ልኬት እንጂ ለዕድሜ አይሆንም። ሜቶክሲ ፕሮፒዮኒትራይል ከ160 ዲግሪ በላይ ስለሚፈላ ትንሽ ብቃት ቢያስከፍልም ይቆያል። የኤሌክትሮላይቱ ቢጫነት ከደበዘዘ ኤሌክትሮን የሚያመላልሰው ትራይአዮዳይድ እያለቀ ነው፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን አንዱ ተጠርጣሪ ስለሆነ ከፊት ማጣሪያ አድርጉ። ቀለሙ ከንጣፉ ተላቆ ፈሳሹን ካቀላው ውሃ ገብቷል፤ ማሸጊያው ይታይ። ከረንት ለመሰብሰብ የብር መስመር ካሰመራችሁም አዮዲን ብርን ይበላዋልና መስመሩን በመስታወት ዱቄት ሽፋን ወይም በማሸጊያ ሙሉ በሙሉ ክደኑት።