ለኮሌስትሮል ብላችሁ ቦሎቄ የምትበሉ ከሆነ አበሳሰሉን እንዲህ አድርጉት

ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ልተው ብሎ ነው፣ ምን ልጨምር የሚለው ትንሽ ነው። እኔ መጀመሪያ የምለው ከቦሎቄ፣ ከሽምብራ፣ ከምስር ወይ ከባቄላ አንዱን በየቀኑ ብሉ ነው፣ አበሳሰሉ ላይ ደሞ ትንሽ ብልሃት አለና እሱን ልንገራችሁ።

ቦሎቄ ውስጥ ስታርች አለ፣ እንደ ዳቦና ድንች ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ ግን ስታርች ሁሉ አንድ አይደለም። የነጭ ዳቦ ስታርች ትንሹ አንጀት ውስጥ ቶሎ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል፣ የቦሎቄው ግን ከፊሉ ምግብ ለሚፈጨው ኢንዛይም እምቢ ብሎ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ድረስ ይወርዳል። ሪዚስታንት ስታርች የሚባለው ይሄ ነው፣ ስሙን የሰጡት ተመራማሪዎቹ እነ ሃንስ ኢንግሊስት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። እምቢ የሚለው አንደኛ ስታርቹ ጠንካራ የሴል ግድግዳ ውስጥ ስለተዘጋ ነው፣ ሁለተኛ ደሞ አሚሎስ የሚባለው ለመፈጨት የሚያስቸግረው ዓይነት ስለሚበዛበት።

ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉትና አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔት፣ ቡቲሬት የሚባሉ አጫጭር ፋቲ አሲዶች ይወጡታል። ፕሮፒዮኔቱ ወደ ጉበት ሄዶ ኮሌስትሮል ማምረቱን ይቀንሳል የሚል ነገር ብዙ ቦታ ታነባላችሁ፣ እውነት ለመናገር በላብራቶሪና በእንስሳት ላይ ታይቷል፣ በሰው ላይ ግን ውጤቱ ወጥ አይደለም። ስለዚህ ሁሉንም ክሬዲት ለስታርቹ አትስጡት፣ ቦሎቄ ውስጥ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፋይበርም አለ፣ እሱ ሐሞትን ይዞ በሰገራ ይወጣል፣ ጉበት አዲስ ሐሞት መስራት ስላለበት ጥሬ እቃውን ማለትም ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል፣ በዚህ ምክንያት ኤልዲኤል፣ ማለትም መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ዝቅ ይላል። እኔ ይሄኛውን ነው ይበልጥ የማምነው።

ስንት ይቀንሳል ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳ የሕክምና ማኅበር ጆርናል ላይ የወጣ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ነበር፣ በቀን 130 ግራም አካባቢ ጥራጥሬ የበሉ ሰዎች ኤልዲኤላቸው ወደ 5 በመቶ ነው የቀነሰው። 130 ግራም ማለት ከተቀቀለው የአንድ ኩባያ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ብዙ አይደለም። 5 በመቶም ብዙ አይደለም፣ ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት እኮ 30 በመቶና ከዚያም በላይ ያወርዳል፣ ስለዚህ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ቦሎቄ ጀመርኩ ብሎ እንዳያቆም።

አሁን ወደ ድስቱ። ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ድፉትና እጠቡት፣ ጋዝ የሚያመጡት ስኳሮች ከፊላቸው አብረው ይሄዳሉ። ቀዩን ቦሎቄ የምትቀቅሉ ከሆነ ይሄን በደንብ ስሙኝ፦ ጥሬው ውስጥ ሌክቲን የሚባል ሆድ የሚያገላብጥ ፕሮቲን አለ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንተከተከ መፍላት አለበት፣ ከዛ በኋላ እሳቱን ቀንሱና እስኪበስል ተዉት። ስሎው ኩከር በሚባለው ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን ጥላችሁ መሄድ አይሆንም፣ ሙቀቱ ስለማይደርስ ሌክቲኑ አይጠፋም፣ ያስመልሳል።

ሲበስል አታድቅቁት። ፍሬው ሙሉውን ሲሆን የሴል ግድግዳው ስታርቹን አቅፎ ይይዘዋል፣ በብሌንደር ስትፈጩት ወይም ዱቄት ስታደርጉት ግን ግድግዳው ይሰበርና ስታርቹ ቶሎ ይፈጫል። በቆርቆሮ የታሸገውም ይሰራል፣ ጨው ስላለው አለቅልቁት።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ ነው። የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ከፊሉ እንደገና ተጠቅጥቆ ይደርቅና ለመፈጨት ያስቸግራል፣ ስለዚህ ዝርግ እቃ ላይ አድርጉትና በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት፣ ሌሊቱን ይደር። ስታሞቁት ከፊሉ እንዳለ ይቆያል፣ ቀዝቃዛውን የግድ መብላት የለባችሁም። በ3 ወይ በ4 ቀን ጨርሱት። ግን ይሄ ማቀዝቀዝ ኢንተርኔት ላይ እንደሚጋነነው ተአምር አይደለም፣ የሚጨምረው ጥቂት ነው፣ እኔ ይበልጥ የምወደው ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀኝ ነው፣ ያልተዘጋጀ ነገር በየቀኑ አይበላም።

ትልቁ ጥቅም የሚመጣው ደሞ በቦታው ከወጣው ነገር ነው። ስጋ ወይ ቅቤ የበዛበትን ምግብ ተክታችሁ ከበላችሁት ጥሩ፣ እሱንም ይሄንንም ከበላችሁ ወይም ቦሎቄውን በቅቤ ካጠባችሁት ግን ምን ጠብቃችሁ ነው?

ሆዳችሁ ካልለመደ በጥቂት ማንኪያ ጀምሩና በሁለት ሦስት ሳምንት አሳድጉት፣ ውሃ ጠጡ፣ ጋዙ ባክቴሪያው እየለመደ ሲሄድ ይቀንሳል። ኩላሊት የሚያማችሁ ግን ፖታሲየም ስላለው መጀመሪያ ሀኪም አማክሩ።

መስራቱን ለማወቅ ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ ተመርመሩ፣ ከዛ ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ እንደገና፣ ቢቻል እዛው ላብራቶሪ። በመሃል ሌላ አመጋገብ አትቀያይሩ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ቢወርድም በምን እንደወረደ አታውቁትም።