እርጎውን ከስኳር አላቅቁት
ክብደቱ ለጨመረ ታዳጊ «ለሆድ ጥሩ ነው» ተብሎ የሚገዛው ባለጣዕም እርጎ ብዙ ጊዜ ስኳር የተጨመረበት ነው። ቤት ውስጥ አርጉለት። ወተቱን አፍሉና ጣት እስኪያስነካ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ አቀዝቅዙት፤ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው ያልቆየ እርጎ ጨምራችሁ፣ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ረግቶ ታገኙታላችሁ። ማጣፈጫው በደንብ የበሰለ ሙዝ ነው፤ በሹካ ደፍጥጡና ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ ነስንሱበት። የተልባው አሰር የአንጀት ባክቴሪያዎች ምግብ ነው፤ በርካታ የሰውነት የመከላከያ ሕዋሳትም ያሉት እዚያው አንጀት አካባቢ ነው። እርጎው ብቻውን ክብደት አይቀንስም፤ ትልቁ ጥቅም የተጨመረው ስኳር መቅረቱ ነው። ከረጋ በኋላ እሳት ላይ አታሙቁት፣ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። የወተት አለርጂ ላለበት፣ ወይም በሽታን የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ልጅ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትስጡ።